«አስተላላፊ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም

አማርኛን በመማር ላይ ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ ከሚያቀርቡልኝ ጥያቄዎች አንዱ «ማስተላለፍ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ምን እንደ ሆነ ነው። መልሱ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ዳኛ ውሳኔ ያስተላልፋል፤ ራዲዮ ዜና ያስተላልፋል፤ ነጋዴም ዕቃውን በሌላ ሰው እጅ ከአገር ወደ አገር ያስተላልፋል። በእነዚህ ሁሉ ቃሉ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ማድረስን ያመለክታል። ነገር ግን ቀጠሮም ይተላለፋል፤ ስብሰባም ወደሚመጣው ሳምንት ይተላለፋል። በዚህ ጊዜ ደግሞ ቃሉ ዛሬ ሊሆን የሚገባውን ነገር ለነገ ማቆየት ማለት ይሆናል። እንግዲህ ማድረስና ማዘግየት በአንድ ቃል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል ማለት ነው።

እኔም አፌን የፈታሁት በትግርኛ ስለ ሆነና አማርኛን እንደ እናንተ በትምህርት ስላገኘሁት፥ እንደዚህ ያለ ቃል ሲያጋጥመኝ ቆም ብዬ መመርመር ልማዴ ነው። የጉምሩክ ሰነዶችን ስመረምር በቆየሁባቸው ዓመታትም የዚህን ቃል ሁለት ትርጉሞች ከመጽሐፍ ይልቅ በሰው ላይ አይቻለሁ። የሌላውን ሰው ዕቃ ከባሕር ማዶ አስመጥቶ፥ ወደቡን አሻግሮ፥ ቀረጡን አስከፍሎ ለባለቤቱ የሚያስረክበው ሰው የዕቃ አስተላላፊ ይባላል፤ ነጋዴው ግን «ትራንዚተር» ብሎ ይጠራዋል። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ በመጀመሪያው ትርጉም፥ አንዳንዶቹም በሁለተኛው ትርጉም አስተላላፊዎች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከምን እንደሚመጣ ያየሁትን ለመግለጥ እሞክራለሁ።

ሥራው በአገራችን አዲስ አይደለም። ጭነት በግመልና በበቅሎ ከጠረፍ ወደ መሀል አገር በሚጓዝበት ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች አለቃ ነጋድራስ ይባል ነበር፤ ኋላም ይህ ስም ቀረጥ ለሚያስከፍለው የመንግሥት ሹም ማዕርግ ሆነ። የዐድዋ ተወላጅ የነበሩትና በምፅዋ አጠገብ በሞንኩሉ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት የተማሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በድሬዳዋ በዚህ ማዕርግ ሠርተዋል፤ ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ አስተዳደር የጻፉት መጽሐፍም ከሞቱ በኋላ በ1924 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ደረሰ። በ1956 እ.ኤ.አ. ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ 58 ኮንቴይነሮችን በአንዲት መርከብ ጭኖ ከኒውዋርክ ወደ ሂዩስተን ላከ፤ ከዚያ ወዲህ ዕቃ በብረት ሣጥን እንደ ታሸገ ከመርከብ ወደ ባቡር ወይም ወደ ከባድ መኪና መሸጋገር የተለመደ ሆነ። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የተዘረጋው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም መደበኛ የንግድ አገልግሎቱን በ2018 እ.ኤ.አ. ጀመረ። ማጓጓዣው እንዲህ ሲለዋወጥ የባለዕቃው ጭንቀት ግን አልተለወጠም። የዱሮው ነጋዴም ሆነ የዛሬው «ዕቃዬ የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚያስጨንቅ ለመረዳት የአንድ ዕቃ መንገድ ማሰብ ይበቃል። አንድ ሰው ከህንድ አገር የፋብሪካ መሣሪያ ቢገዛ፥ ዕቃው ከሻጩ መጋዘን ወጥቶ በመኪና ወደ ወደብ ይሄዳል፤ ከዚያ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከጅቡቲ በባቡር ወይም በከባድ መኪና ተጭኖ፥ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው የሞጆ ደረቅ ወደብ ይመጣል። በዚህ መንገድ ላይ የሻጩ ወኪል፥ የመርከብ ድርጅቱ፥ የመድን ድርጅቱ፥ ሁለት ባንኮች፥ የወደብ ሠራተኞች፥ የመኪና ባለንብረቶችና የየአገሩ የጉምሩክ መሥሪያ ቤቶች እጅ ይገባበታል። ባለዕቃው ከእነዚህ አብዛኞቹን በዓይኑ አያያቸውም፤ የሚያውቀው አስተላላፊውን ብቻ ነው። አስተላላፊው ብዙ ጊዜ የራሱ መርከብ የለውም፤ መኪናም መጋዘንም ላይኖረው ይችላል። ታዲያ ደንበኛው የሚከፍለው ለምን ነገር ነው? ስለ መንገዱ ላለው ዕውቀትና ለሚሰጠው ቃል ነው።

ዕውቀቱን በሁለት ምሳሌ ላስረዳ። የመጀመሪያው «ቢል ኦፍ ሌዲንግ» የሚባለው የመርከብ ጭነት ሰነድ ነው። ይህ ወረቀት ሦስት ነገር ነው፤ የመርከብ ድርጅቱ ዕቃውን ለመቀበሉ ደረሰኝ ነው፤ ለማጓጓዝ ለገባው ውል ማስረጃ ነው፤ የዕቃው የባለቤትነት ሰነድም ነው። ስለዚህ ዕቃው ወደብ ደርሶ ዋናው ወረቀት ካልደረሰ ዕቃው እንዳልመጣ ይቆጠራል። ወደቡና የመርከብ ድርጅቱ የሚሰጡት ነጻ ቀን ካለቀ በኋላ ግን ሁለት ቆጣሪ ይቆጥራል፤ አንዱ የወደብ ማቆያ ሲሆን ሁለተኛው «ዲመሬጅ» የሚባለው የኮንቴይነሩ ኪራይ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት በ1936 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ያወጣቸው፥ በየጊዜውም እየታደሱ የመጡት የሽያጭ ውል ቃላት ናቸው። የ2020ው እትም 11 ቃላት አሉት። ከእነዚህም «ሲ አይ ኤፍ» የሚለው ብዙ ሰው ያሳስታል። ሻጩ የመርከቡን ኪራይና የመድኑን ዋጋ እስከ ጅቡቲ ስለሚከፍል፥ ገዢው «እስከ ጅቡቲ ድረስ የሚደርሰው ጉዳት የሻጩ ነው» ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን ዕቃው በሻጩ አገር ወደብ መርከቡ ላይ ከተጫነበት ጊዜ ጀምሮ ጉዳቱ የገዢው መሆኑ ነው። ጥሩ አስተላላፊ ይህን የሚነግረው ደንበኛው ውሉን ከመፈረሙ በፊት ነው፤ ከፈረመ በኋላ የሚነገር ዕውቀት ሐዘንን ከማብዛት በቀር ጥቅም የለውም።

ዕውቀት ብቻውን ግን አይበቃም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው በወረዳ ከተማ የዘይት መጭመቂያ ለማቋቋም ከባንክ ተበድሮ መሣሪያ አስመጣ። ሐሳቡ መሣሪያውን ለኑግ አዝመራ ማድረስ ነበር። ዕቃው በጊዜው ወደብ ደረሰ። ነገር ግን የተቀባዩ ስም በጭነቱ ሰነድ ላይና በባንኩ «ሌተር ኦፍ ክሬዲት» ላይ በአንድ ፊደል ተለያይቶ ስለ ነበር ባንኩ ሰነዱን አልቀበልም አለ። እንዲህ ያለው ስሕተት በመጀመሪያው ሳምንት ለሻጩና ለመርከብ ድርጅቱ ቢጻፍ የሚታረም ነው። አስተላላፊው ግን ስሕተቱን እያወቀ ዝም አለ። ደንበኛው በጠየቀ ቁጥር «ነገ ይወጣል» ይለዋል፤ በማግሥቱም «ነገ» ይለዋል። ሰነዱ ታርሞ ዕቃው ሲለቀቅ፥ ያ ሰው ኑግ ሊገዛበት ያስቀመጠውን ገንዘብ ለማቆያና ለኮንቴይነር ኪራይ ከፈለ። መሣሪያው ተተከለ፤ የሚጨመቅ ኑግ መግዣ ግን አልነበረም። ወደ እኔ መሥሪያ ቤት መጥቶ ደረሰኞቹን ሲያሳየኝ ስለ ገንዘቡ ብዙ አልተናገረም። «እውነቱን በመጀመሪያው ቀን ቢነግረኝ ኖሮ ሻጩ ዘንድ ራሴ እደውል ነበር» ብሎ ብቻ ሄደ።

ሌላው ያየሁት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። አራት ሠራተኞች ብቻ ያሉት የአስተላላፊ ቢሮ ባለቤት የሆኑ አንዲት ወይዘሮ፥ ሰነድ ለማስመርመር ቢሮዬ ተቀምጠው ሳሉ ከአንድ ሆስፒታል ዕቃ ግምጃ ቤት ኀላፊ ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ዕቃው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት የሚገባው የላቦራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል ነበር። ወይዘሮዋ አውሮፕላኑ በሚያርፍበት በመካከለኛው አገር ለዚያ ቅዳሜና እሑድ የቀዝቃዛ መጋዘን ቦታ እንዳልተገኘ ስለ ደረሱበት፥ ዕቃው ሦስት ቀን ዘግይቶ እንዲጫን አድርገዋል። ኀላፊው ተቆጡ፤ ድምፃቸው ከስልኩ ውጭ ይሰማ ነበር። ወይዘሮዋም በትሕትና «ጌታዬ፥ የዛሬውን ቁጣዎን እችለዋለሁ፤ የተበላሸ ዕቃ ማስረከብ ግን አልችልም» ብለው መለሱ። ከዚያም የአዲሱን በረራ ቀንና ሰዓት ነግረው፥ እስከዚያ ድረስ ያለውን ዕቃ እንዲቆጥቡ አሳሰቡ። ዕቃው በተባለው ቀን ቅዝቃዜውን እንደ ጠበቀ ደረሰ።

እነሆ፥ ያኛው ዕቃ በጊዜው ደርሶ ደንበኛው ተጎዳ፤ ይህኛው ዕቃ ዘግይቶ ደንበኛው ተጠቀመ። እንግዲህ በሁለቱ አስተላላፊዎች መካከል ያለው ልዩነት ፍጥነት አይደለም። አንደኛው ክፉውን ወሬ ለነገ አስተላለፈ፤ ሁለተኛይቱ ግን በዚያው ቀን ለባለቤቱ አስተላለፉ። የደንበኛ አገልግሎት ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ፈገግታን፥ ቡና መጋበዝንና «እሺ ጌታዬ» ማለትን ነው። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው። ነገር ግን ደንበኛ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው መላ ለመምታት ጊዜ ሳያልፍበት እውነቱን መስማት ነው።

ከባሕሩ የሚመጣውን መከራ ማንም አስተላላፊ ሊያቆመው አይችልም። በመጋቢት ወር 2021 እ.ኤ.አ. «ኤቨር ጊቭን» የተባለች ታላቅ መርከብ የስዊዝን ቦይ ለስድስት ቀን ስትዘጋ መርከቦች ተሰልፈው ቆሙ። ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ጥቃት ሲደርስባቸው ብዙዎቹ የመርከብ ድርጅቶች አፍሪካን በደቡብ ጫፍ እየዞሩ መሄድ ጀመሩ፤ ይህም በእስያና በአውሮፓ መካከል ባለው ጉዞ ላይ ዐሥር ቀንና ከዚያም በላይ ጨመረ። በእንደዚህ ያለ ጊዜ «እኔ ምን ላድርግ?» ማለት ቀላል ነው። ደንበኛውን የሚያስብ አስተላላፊ ግን አዲሱን ቀን አስልቶ ይነግራል፤ የጨመረውን ኪራይ ያሳውቃል፤ ከዕቃው አስቸኳይ የሆነው በአውሮፕላን ቢመጣ ምን ያህል እንደሚያስወጣ አቅርቦ ባለቤቱ እንዲመርጥ ያደርጋል።

በሌላ በኩል ደንበኛን ማገልገል ለደንበኛ ሁሉ መታዘዝ አይደለም። ቀረጥ እንዲቀንስለት የዋጋውን ኢንቮይስ አሳንሶ ማቅረብ ወይም ዕቃውን በማይገባው የታሪፍ ቁጥር ማስገባት የሚፈልግ ሰው አይታጣም። «እሺ» የሚለው አስተላላፊ ለጊዜው ወዳጅ ይመስላል፤ ነገሩ ሲገለጥ ግን ቅጣቱ የሚያርፈው በባለዕቃው ላይ ነው። ለዚህ ሰው የሚሰጠው ከሁሉ የበለጠ አገልግሎት «አይሆንም» የሚል ቃል ነው።

በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት መምህራችን የመክሊቱን ምሳሌ ሲያስረዱን፥ ያ አገልጋይ የተወቀሰው ሰርቆ አለመሆኑን እንድናስተውል ይነግሩን ነበር። የጌታውን ገንዘብ አንድም ሳያጎድል መልሷል፤ በደሉ ቀብሮ ማቆየቱ ነበር። ይህ ምሳሌ ለአስተላላፊ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞችም ነው። አንድ ዲክላራሲዮን በጠረጴዛችን ላይ በሚያድርበት ሌሊት የወደቡ ቆጣሪ አይተኛም። ሰነዱ ጉድለት ካለበት ጉድለቱን በዚያው ቀን በግልጥ ጽፎ መመለስ ይገባል እንጂ፥ «ነገ ይምጡ» ብሎ ሰውን ማመላለስ አይገባም። እንዲህ ያደረገ ሹም ቀረጡን ሳያስቀር ሕዝቡን አገልግሏል።

አማርኛ ለዚህ ነገር «አደራ» የሚል ቃል አለው፤ በትግርኛም «ሕድሪ» እንለዋለን። አደራ የሌላው ሰው ንብረት በእጃችን ሲሆን የሚጣልብን ኀላፊነት ነው፤ ይህን ያፈረሰ ሰው «አደራ በላ» ይባላል። በቋንቋው ትምህርታችሁ ይህን ስድብ ስታጠኑ፥ አደራ የሚበላው ዕቃውን የወሰደ ሰው ብቻ እንዳልሆነ አስታውሱ። ባለዕቃው ሊያውቀው የሚገባውን ነገር የደበቀበት ሰውም በልቶበታል። ስለዚህ የሰው ጭነት በእጁ የገባ ሁሉ፥ ነጋዴም ሆነ ሹም፥ ዕቃውን አስቀድሞ ለማድረስ ባይችል እንኳ እውነተኛውን ቃል አስቀድሞ ሊያደርስ ይችላል።