ባለ ሁለት ስንቅ

በኤሌክትሪክም በቤንዚንም የሚሄድ የቤተ ሰብ አውቶሞቢል ሁለት ስንቅ እንደ ያዘ መንገደኛ ነው። በአዳማ የሚኖር አንድ አባወራ ሰባት ሰው በሚይዝ እንዲህ ባለ አውቶሞቢል ብዙ ዘመን ኖሯል። ለትምህርት ቤትና ለገበያ ሌሊት ከቤቱ የሞላው ኤሌክትሪክ ይበቃዋል፤ በከተማው አጠገብ በ2007 ዓ.ም. የተፈጸመው የ153 ሜጋዋት የነፋስ ጣቢያም ለአገሩ መብራት ኃይል የሚጨምር ነው። ከአዲስ አበባ ቍልቍል ሲወርድ ፍሬን በተያዘ ቍጥር ኃይል ወደ ባትሪው ይመለሳል፤ ወደ ሻሸመኔ ሲርቅ ግን ቤንዚኑ ይተካዋል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ ብቻ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ ጎረቤቶቹ «ቤንዚኑን ፈጽመህ ተወው» ይሉታል። እርሱ ግን ቤንዚን በማጠራቀሚያው ውስጥ ብዙ ወራት ሲቆይ እንደሚበላሽ፥ ሞተርም ሥራ ሲፈታ እንደሚጎዳ ያውቃልና በየወሩ ጥቂት ያሠራዋል። ባትሪም ሞልቶ በሐሩር ሲቆም ቶሎ ስለሚያረጅ፥ አውቶሞቢሉን ከጥላ ያቆመዋል።

አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ባትሪው ሳይሞላ ሳለ ሕፃኑ በትኩሳት ታመመ። ያን ጊዜ ያ ሥራ ያልፈታው ሞተር ወዲያው ተነሥቶ ወደ ሐኪም አደረሳቸው። የማያስፈልግ የሚመስለውን በደኅና ቀን የጠበቀ ሰው በክፉ ቀን ያገኘዋል።