ስለ ሴቶች የፈረስ ጉዞና ስለ ጉዞ ሥርዓት

በአገራችን በቆየው ልማድ ፈረስ የወንድ፣ በቅሎ ደግሞ የእመቤቶች መጓጓዣ ሆኖ ኖሯል። የፈረስ ስም እንኳ የወንድ ማዕረግ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላም «አባ ነጋ» ተብለው የተጠሩት በፈረሳቸው ስም ነው። ስለዚህ እኛ ዘጠኝ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በካርቱም ከተማ በጀብራ ሰፈር ስንኖር፣ አንድ ቀን በፈረስ ተቀምጠን በዓባይ ዳር እንጓዝ ብለን በተማከርን ጊዜ የሰማን ሰው ሁሉ መሳቁ አያስደንቅም።

ሥራችን ልዩ ልዩ ነበር። ከመካከላችን በሰው ቤት የምታገለግል፣ በመንገድ ዳር ሻይና ቡና የምትሸጥ፣ ልብስ የምትሰፋም ነበረች። የምንገናኘው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ፣ ዕቁባችን ሲጣል ነው። አሳቡን ያመጣችው የእንጅባራ ተወላጅ የሆነች እኅታችን ናት። በአገርዋ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር እያየች ስላደገች፣ ኮርቻና ልጓም ለእርስዋ እንደ ጀበናና እንደ ረከቦት የተለመዱ ነበሩ። «ውኃው ከአገራችን ተነሥቶ በዚህ ከተማ ሲያልፍ፣ እኛ አንድ ቀን እንኳ አጠገቡ ሳንንሸራሸር እንኖራለንን?» አለችን።

የመጀመሪያው ክርክር ስለ ልብስ ሆነ። በፈረስ ለመቀመጥ ሱሪ ያስፈልጋል። በሱዳን ግን በ1983 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ነውረኛ የተባለ ልብስ የለበሰ ሰው እንዲገረፍ ይፈቅድ ስለ ነበር፣ ሱሪ በመልበሳቸው የተያዙ ሴቶች ብዙ ናቸው። ጋዜጠኛዋ ሉብና ሑሴን በ2001 ዓ.ም. በካርቱም ፍርድ ቤት የቀረበችው በዚሁ ምክንያት ነው። የሕዝብ ሥርዓት ሕግ የተባለው በኅዳር ወር 2012 ዓ.ም. ተሽሯል፤ ፍርሃቱ ግን ከሕጉ ጋር አብሮ አልተሻረም። ሻይ ሻጮቹ እኅቶቻችን የፖሊስ መኪና ከሩቅ ሲያዩ ምድጃቸውን አንሥተው መሸሽ ለምደው ነበር። በመጨረሻ ሰፊ ሱሪ ከውስጥ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቀሚስ ከላይ እንዲሆን ተስማማን።

ከዚያ በኋላ ሁለታችን ፈረሶቹን ለማየት ወደ ሶባ ሄድን። ሶባ በጥቁር ዓባይ ዳር ያለች፣ በጥንት ዘመን የአልዋ የክርስቲያን መንግሥት ዋና ከተማ የነበረች ስፍራ ናት። ባለ ፈረሱ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ «ሐጅ» እያልን እንጠራቸው ነበር። የእንጅባራዋ እኅታችን የእያንዳንዱን ፈረስ ጀርባ እንዳልተላጠ፣ ሰኮናውም እንዳልተሰነጠቀ በእጅዋ እየዳሰሰች መረመረች። ፈረስ ኮርቻውን ጨምሮ ከራሱ ክብደት ከአምስት አንድ እጅ በላይ ባይሸከም መልካም መሆኑን ስለ ነገረችን፣ ክብደታችንን በወረቀት መጻፍ ግድ ሆነ። ከዝግጅቱ ሁሉ ያስቸገረን ይኸው ነው፤ እውነተኛውን ቍጥር ለመናገር ያልተግደረደረች ሴት አልነበረችም።

በዚያው ወረቀት ላይ ከዚህ በፊት ፈረስ የተቀመጠችና ያልተቀመጠች፣ ሕመም ያለባትና የሌለባት፣ አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ዘመድ ስልክ ተጻፈ። በመጨረሻም የሰልፉ ተራ ተወሰነ። ከፊት መንገዱን የምታውቀው የእንጅባራዋ ሆነች። ሁለተኛ ቦታ የተሰጠው ለእትዬ ነው፤ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ፣ ጕልበታቸውን የሚያማቸውና ፈረስ እጅግ የሚፈሩ ነበሩ። የሁላችንም ርምጃ የሚለካው በእርሳቸው ርምጃ እንዲሆን፣ ከኋላ ደግሞ ብርቱ ሴት እንድትሆን፣ በየፈረሱም መካከል የአንድ ፈረስ ቁመት ያህል ርቀት እንዲኖር ተደነገገ።

ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ዓርብ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ በአምጃድ መኪና ሶባ ደረስን። ፈረስ ሲጫን ሆዱን ስለሚነፋ፣ ጥቂት ከተራመድን በኋላ ወርደን የኮርቻውን ጠፍር እንደገና አጠበቅን። ውኃው በቀኛችን ነበር። ለረጅም ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። በየቤቱ «ነይ፣ ሂጂ» ስትባል የምትውል ሴት ከፍ ካለ ስፍራ ተቀምጣ ዓለምን ስታይ ምን እንደሚሰማት ለመግለጽ ቃል አጠረን።

ስንመለስ ግን አንዲቱ ወጣት ደስታዋን መቈጣጠር ስላቃታት ፈረስዋን በተረከዝዋ መታችው። ፈረስ ከመንጋው መለየት አይወድምና አንዱ ሲጋልብ ሌሎቹም ተከተሉ። እትዬ ከአሸዋው ላይ ወደቁ፤ የእጃቸውም አንጓ ወለም አለ። ጥፋቱ የፈረሱ አልነበረም፤ የጻፍነውን ሥርዓት የረሳን እኛው ነን። እትዬ አቧራቸውን አራግፈው ተነሡና፣ «ከእንግዲህ ከመሪያችን በቀር ማንም ከእኔ እንዳትቀድም» ብለው እንደገና ተቀመጡ። ልጅቱ እያለቀሰች በርምጃ ተከተለች።

ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቀዳም ሥዑር ዕለት፣ በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ተነሣ። ጀብራ በሸጀራ ካለው የብረት ለበስ ጦር ሰፈር አጠገብ ስለሆነች ተኵሱ ከደጃችን ነበር። ለፋሲካ የገዛነው ዶሮ ሳይታረድ መብራቱም ውኃውም ጠፋ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስምንታችን በአንድ ቤት ተሰበሰብን። የእንጅባራዋ እኅታችን ግን በሥራ ምክንያት ከወንዙ ማዶ በኦምዱርማን ቀርታ ስልኳም አልሠራም። እርስ በርሳችን ስንነታረክ እትዬ፣ «ያ ወረቀት የት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ወረቀቱ በዕቁቡ መዝገብ ውስጥ ተገኘ። የዘመዶቻችን ስልክ፣ የያንዳንዳችን ሕመም፣ የሰልፉም ተራ ተጽፎበታል። ባዶ የነበረው የመሪዋ ቦታ ብቻ ነው። እትዬም በሶባ የጋለበችውን ወጣት ጠርተው፣ «አንቺ ምሪን፤ መቸኰል ምን እንደሚያመጣ ከአንቺ ይበልጥ የሚያውቅ የለም» አሏት። ጎሕ ሲቀድ በእግር ወጣን። ተኵስ ሲሰማ እግራችን ሊሮጥ ይከጅል ነበር፤ ልጅቱ ግን በየጥቂቱ ዘወር እያለች ትቈጥረን፣ ርምጃዋንም በእትዬ ጕልበት ትለካ ነበር። መኪና እስክናገኝ ድረስ ከሰልፉ የተለየ ሰው አልነበረም። በወድ መደኒ፣ በገዳሪፍና በገላባት አድርገን፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘን፣ ስምንታችንም መተማ ገባን። የዘጠነኛዋን ድምፅ የሰማነው ከሁለት ወር በኋላ ከፖርት ሱዳን ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጉዞ ለማድረግ የምታስቡ እኅቶቻችን ሆይ፣ ለመጋለብ ከመቸኰላችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ ያዙ፤ ከመካከላችሁ የምትፈራዋንና የምትደክመዋን ፈልጉ፤ ፍጥነታችሁም የእርስዋ ፍጥነት ይሁን። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። እኛን ያደረሰን በፈረስ ላይ ሳለን የተማርነው ሥርዓት ነው። ወረቀቱን እትዬ አስቀምጠውታል፤ ዘጠኙም ስም ሳይሰረዝ አለበት።