የማይዝግ ብረትና የባሩድ ጥላሸት

«የማይዝግ» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። ስሙን የሰማ ሁሉ ብረቱ አይቆሽሽም፣ አይጠቁርም፣ ጥንቃቄም አይሻም ይላል። ሰሞኑን ስለ ብረታ ብረት ዝገት ስንወያይ ከመካከላችን አንዱ፣ «የአጎቴ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ የማይዝግ ነው ይባላል፤ ታዲያ በተተኮሰ ቁጥር ለምን ይጠቁራል? በአመድ ቢያሹትም እኮ አልለቅ አለ!» ሲል ጠየቀ። ነገ በየወረዳው ስንመደብ እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚያመጣልን ተማሪ ነው። ቤት ውስጥ መሣሪያ ሲወለወል ጨርቅ የሚያቀብለውም ብዙ ጊዜ እሱው ነው።

ነገሩ ከመነሻውም ከመሣሪያ አልራቀም። እንግሊዛዊው ሃሪ ብሪርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 በሸፊልድ ከተማ 13 ከመቶ ገደማ ክሮሚየም ያለበትን ብረት ያቀለጠው የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጡ እየተበላ ስላስቸገረ መላ ሲፈልግ ነበር። ብረቱ ግን ቀድሞ የታወቀው በቢላዋ ነው። የአሜሪካው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን «ሞዴል 60» የተባለውን የማይዝግ ሪቮልቨር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ መሆኑ ነው።

ክሮሚየሙ ከአየር ኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ያበጃል። ሽፋኑ ቢፋቅ አየር እስካገኘ ድረስ መልሶ ይበጃል። የሚከላከለው ግን ዝገትን እንጂ ጥላሸትን አይደለም። ባሩድ ሲነድ ካርቦን ይተዋል፤ የጥይቱ እርሳስም እየተላጠ ይለጠፋል። በሪቮልቨር ደግሞ ጥይት በሚጎርሰው ተሽከርካሪና በአፈሙዙ መካከል ጠባብ ክፍተት አለ። የጋለው ጋዝ በዚያ እየሾለከ በተሽከርካሪው ግንባር ላይ ጥቁር ቀለበት ያትማል። አጎትየው በአመድ የሚታገሉት ይኸንኑ ነው። እኛን ቢጠይቁን ይተዉት እንላለን፤ ዓይን ያስቀይማል እንጂ አይጎዳም፣ በሚቀጥለው ተኩስም ይመለሳል።

የሚጎዳው የማይታየው ነው። 357 ማግነም በሚጎርስ ሽጉጥ አጠር ያለው 38 ስፔሻል ሲተኮስ ይከርማል እንበል። ጥላሸቱ በጉድጓዱ ውስጥ፣ አጭሩ ቀለህ በሚያበቃበት ቦታ፣ ቀለበት ሠርቶ ይደርቃል። ኋላ ረጅሙ ጥይት አልገባ ይላል። ሰውየው ግን ከላይ እያብለጨለጨ ያየዋልና ንጹሕ ነው ብሎ ተቀምጧል።

ጥቁሩ የጥንት ባሩድ ዝቃጩ አብዛኛው ጨው ስለነበር ሙቅ ውሃና ሳሙና ይበቃው ነበር። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ እንዲያ አይለቅም። መጀመሪያ ጥይቱ ወጥቶ ከክፍሉ ይርቃል፤ ስድስቱም ጉድጓድ አንድ በአንድ በዓይን ይታያል። ከዚያ ለመሣሪያ የተዘጋጀ ማጽጃ ተቀብቶ ጥቂት ይቆያል፣ ከብረቱ በሚለሰልስ የናስ ብሩሽ ይታሻል፣ በጨርቅ ተጠርጎ ስስ ዘይት ይቀባል። አሸዋ ብረቱን ይጭረዋል። የብረት ሽቦ ፍርፋሪው እላዩ ቀርቶ እሱው ይዝጋል፤ ያኔ «የማይዝገው ዛገ» ይባላል። ከሁሉ የሚከፋው በረኪና ነው፤ ክሎሪኑ ያንኑ ስስ ሽፋን እየበሳ ይገባል።

ስለ እርሳሱ ሳንናገር አናልፍም። የሚራገፈው አቧራ መርዝ ነው፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ልጅ ከአጠገብ ይራቅ፤ ሥራው ምግብ ከሚቀርብበት ቦታ ውጭ ይሁን፤ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ጨርቁም ምድጃ ውስጥ አይቃጠል።

ለክፍል ማስረጃ ሽጉጥ አያስፈልግም። የማይዝግ ማንኪያ በኩራዝ ጭስ ላይ ጥቂት ቢያዝ ድብን ብሎ ይጠቁራል። ከቀዘቀዘ በኋላ ዘይት በነካ ጨርቅ ሲጠረግ ብረቱ እንደነበረ ይወጣል። ማንኪያና ኩራዝ ደግሞ በየትም ትምህርት ቤት አይጠፋም።