ከጥፊው በፊት የተባለው

አከራይዋ በጥፊ መታት። ጉንጯ አብጦ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ የተናገረችው ስለ ጥፊው ብቻ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን ተራ እብጠትንና ሰንበርን የአካል ጉዳት አይለውም፤ "እጅ እልፊት" ነው። በአንቀጽ 560 ቅጣቱ እስከ 300 ብር መቀጮ፣ ከበድ ካለ እስከ 3 ወር እስራት ነው።

ሰውየው ከዚያ በፊት ሳምንት ሙሉ "ካልወጣሽ እገድልሻለሁ" ሲላት ከርሟል። ይህን ግን ተራ የንዴት ቃል ብላ ዋጠችው። ሕጉ "ዛቻ" ይለዋል፤ አንቀጽ 580፣ እስከ 6 ወር እስራት። ከጥፊው ይከብዳል ማለት ነው።

እጅ ካላረፈ ወንጀል የለም የሚለው ልማድ ብዙ ሰው አስበድሏል። ዛቻ የሚያስቀጣው ተበዳዩ አቤት ሲል ነው። አቤት ባይ ከጥፊው ሳይሆን ከመጀመሪያው ቃል ይጀምር።