ሁለቱ ጥቁር ወፎች

በአምባሰል አገር፥ በውጫሌ ከተማ፥ አንድ መምህር ከጣና ሐይቅ የመጣ ፎቶግራፍ ለተማሪዎቹ አሳየ። በፎቶግራፉም ላይ አንድ የውሃ ወፍ ክንፎቹን ዘርግቶ በድንጋይ ላይ ቆሞ ይታይ ነበር።

መምህሩም እንዲህ አላቸው፤ «በውሃ ውስጥ እየጠለቁ ዓሣ የሚይዙ፥ ኮርሞራን የሚባሉ ወፎች አሉ። ብዙዎቹ ዘመዶቻቸው በባሕር ዳር ይኖራሉ፤ በጣና ሐይቅ ግን ሁለት ዓይነት ይገኛሉ። አንደኛው ትልቁ ኮርሞራን ነው፤ ከምንቃሩ እስከ ጭራው ርዝመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ደረቱም ነጭ ነው። ሁለተኛው ጭራ ረዥሙ ኮርሞራን ነው፤ ርዝመቱ 55 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ምንቃሩ አጭር፥ ጭራው ግን ረዥም ነው። የሁለቱም ጀርባ ጥቁር ነው፤ ሁለቱም ከውሃ ሲወጡ ክንፋቸውን ለማድረቅ ይዘረጋሉ። እንግዲህ ይህ የትኛው ነው?»

ከተማሪዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ልጅ ፈጥኖ ተነሣና፥ «ትልቁ ነው፤ ደረቱ ነጭ ነው፤ ቁመቱም ወረቀቱን ሞልቶታል» አለ። መምህሩም አንድ ታናሽ ልጅ ጠየቀ። ልጁም፥ «ገና አላወቅሁም» ብሎ መለሰ። ታላቁ ልጅ «ዓይን የለህምን?» ብሎ ቢዘብትበት፥ ሁሉም ሳቁ። ታናሹም አፈረ፤ ነገር ግን ወደ ፎቶግራፉ ቀርቦ ዝም ብሎ ተመለከተ።

ከጥቂት ጊዜም በኋላ፥ «ጭራው ረዥም ነው፤ ምንቃሩም አጭር ነው። በዚያው ድንጋይ ላይ፥ ከዳር በኩል፥ አንድ የዱር ዝይ ቆሟል፤ ዝይዋ ከወፉ ትበልጣለች። ስለዚህ ይህ ታናሹ ወፍ ይመስለኛል» አለ።

መምህሩም፥ «መልካም አየህ፥ ልጄ። ፎቶግራፍ ከቅርብ ሲነሣ ትንሹን ነገር ትልቅ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ መጠኑን ለማወቅ በአጠገቡ ያለውን ማየት ያስፈልጋል። የጭራ ረዥሙ ልጅም እስኪጎለምስ ድረስ ደረቱ ነጣ ያለ ነው። በአንድ ምልክት ብቻ የሚፈርድ ይሳሳታል» አለ።

ቀጥሎም እንዲህ አላቸው፤ «እናንተ የውጫሌ ልጆች ይህን ከሌሎች ይልቅ ልታውቁ ይገባችኋል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓመተ ምሕረት በዚህ በውጫሌ ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ውል ተዋዋሉ። ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ፤ ሁለቱም ጽሑፎች አንድ ይመስሉ ነበር። ነገር ግን በ17ኛው ክፍል የአማርኛው፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲላላኩ፥ ቢፈልጉ በኢጣልያ በኩል ማድረግ ይችላሉ ሲል፥ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገባቸው። ኢጣልያም በዚህ አንድ ቃል ኢትዮጵያን በእጄ አደረግሁ አለች። ንጉሠ ነገሥቱም እምቢ አሉ፤ ነገሩም በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓመተ ምሕረት እስከ ዓድዋ ጦርነት አደረሰ። በዚያም ቀን ኢትዮጵያ ድል አደረገች፤ ነገር ግን የብዙ ሰው ደም ፈሰሰ።»

በዚህ ጊዜ ተማሪዎቹ ሁሉ ዝም አሉ። ታላቁ ልጅም ተነሥቶ ወደ ታናሹ ሄደና፥ «ወንድሜ ሆይ፥ ይቅር በለኝ፤ ዓይን ያጣሁስ እኔ ነኝ» አለው። ታናሹም ይቅር አለው፤ ሁለቱም ፎቶግራፉን አብረው ዳግመኛ ተመለከቱ።

ልጆች ሆይ፥ የሚመሳሰል ነገር ስታዩ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ዛሬ በወፍ የተሳሳተ ልጅ የሚያጣው ነገር የለም፤ ነገ ግን በገበያ በግ ጠፍቶ ለምስክርነት ቢጠራ፥ በችኮላው ንጹሑን ሰው ሌባ ያሰኘዋል። ሳያውቁ ዐወቅሁ ማለት ያሳፍራል፤ ገና አላወቅሁም ብሎ መመርመር ግን የዕውቀት መጀመሪያ ነው።