ሦስት የዓሣ ጉዞ በአንዲት ጳጉሜን

ሰፈሬ ሳንሱሲ ነው። ከአስኮ ወጥታችሁ ወደ ቡራዩ ስትሉ፣ የአምቦ መንገድ ላይ። አንድ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ደንበኛዬ «ሳን ሱሲ እኮ በፈረንሳይኛ ያለ ሐሳብ ማለት ነው» ሲለኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። ያለ ሐሳብ! እኔ በዚህ ሰፈር ስኖር ያለ ሐሳብ ያደርኩበትን ሌሊት ብትጠይቁኝ በጣት የሚቆጠር ነው።

ሥራዬ የበርና የመስኮት ብየዳ ነው። ዕድሜዬ 43። ሚስትና ሁለት ልጆች አሉኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ አባባ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው። ከዚህ ሁሉ ሌላ አንድ በሽታ አለብኝ፤ ዓሣ ማጥመድ። በሽታ ነው የምለው ወድጄ አይደለም። መንጠቆ የያዘው ዓሣውን ብቻ እንዳይመስላችሁ። አጥማጁንም ይይዛል።

አሁን የማወጋችሁ በ2016 ዓ.ም. ጳጉሜን የሠራሁትን ጥፋት ነው። ምናልባት አንዳችሁን ከተመሳሳይ ስህተት ያድን እንደሆነ ብዬ ነው እንጂ የሚያኮራ ታሪክ ሆኖ አይደለም።

ጳጉሜንን ታውቋታላችሁ። ደሞዝተኛው ደሞዝ የሌላት ወር ይላታል። ለእኛ ለብየዳ ሠራተኞች ግን ከዓመቱ ሁሉ የምትከፋ ሥራ የሚበዛባት ሳምንት እሷ ናት። ሰው ሁሉ ለእንቁጣጣሽ በሩ እንዲያምርለት ይፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ ተንጋዶ የኖረ የግቢ በር በአምስት ቀን ካልተቃና ብሎ ይጮሃል። በዚያ ላይ የበግ ዋጋ፣ የቅቤ ዋጋ፣ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም... ሐሳብ ብቻ!

እኔ ታዲያ በዚህች ሳምንት ውስጥ ሦስት ጉዞ ለመሰንቀር ተነሣሁ። ሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን እንዲህ አቀድን፤ ጳጉሜን 1 ግማሽ ቀን አዋሽ፣ መልካ ቁንጥሬ። ጳጉሜን 3 ሙሉ ቀን ባቱ፣ የቀድሞዋ ዝዋይ። ጳጉሜን 4 ወጥተን ላንጋኖ በድንኳን አድረን በ5 መመለስ። ሥራውንስ? ሌሊት እበይዳለሁ አልኩ። ሚስቴንስ? እዚህ ላይ ነው ጉዱ።

ጳጉሜን 1 ዓርብ ነበር። ለባለቤቴ «ብረት ልገዛ መርካቶ መሄዴ ነው» አልኳት። መንጠቆውንና የናይለን ገመዱን ከሲሚንቶ ከረጢት ሥር ደብቄ በአሮጌዋ ፒካፕ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ወጣሁ። በዓለም ገና አድርገን የቡታጅራን መንገድ ይዘን ሄድን። መልካ ቁንጥሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥንታዊ የሰው ልጅ የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ቦታ ነው። እኛ ግን የሄድነው ለድንጋይ አልነበረም።

አዋሽ በክረምት ማብቂያ ደፍርሶ፣ ሞልቶ ይወርዳል። እንዲህ ሲሆን ለአምባዛ ምቹ ነው። አምባዛ በዓይኑ ሳይሆን በጢሙና በሽታ ነው ምግቡን የሚፈልገው። አንድ የሥጋ ቁራጭ ከመንጠቆው ላይ ሰክታችሁ፣ እርሳሱን ወደ ወለሉ ለቃችሁ መጠበቅ ነው። እኔም ጠበቅሁ። ስልኬን ግን ዘግቼው ነበር። ለምን? ብትሉኝ፣ ባለቤቴ ብትደውል የውሃውን ድምፅ እንዳትሰማ። ውሸት እኮ ብቻዋን አትሄድም፤ ጓደኛ ትጠራለች።

ሁለት አምባዛ ያዝኩ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አስኮ ስደርስ ስልኬን ከፈትኩት። ከባለቤቴ፣ ከጎረቤት፣ ከሠራተኛዬ የተደወለው ጥሪ ብዛቱ አስደነገጠኝ።

አባባ ወድቆ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አባባ ልንገራችሁ። አባባ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። የሞያሌን መንገድ እንደ መዳፉ ያውቃታል። በልጅነቴ በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዞኝ ይሄድና ዝዋይ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ዘንግ የለ ምን የለ፣ ናይለኑን በጣቱ ጠቅልሎ ቆሮሶ ያጠምድ ነበር። ዓሣ ያስተማረኝ እሱ ነው። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ግን ዓይኑ እየደከመ መጣ። እኛ «የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል» ብለን ተዘናጋን። ሐኪም ዘንድ ስንወስደው ግላኮማ ሆኖ ተገኘ። ሞራ ቢሆን በቀዶ ጥገና ይወገዳል። ግላኮማ ግን የዓይኑን ነርቭ ይጎዳል፤ አብዛኛውን ጊዜም በዓይን ውስጥ ካለው ግፊት ጋር የተያያዘ ነው። አንዴ የጠፋው ብርሃን አይመለስም። ጠብታው የሚያግዘው የቀረውን ለማቆየት ነው። ሐኪሙ ያን ዕለት ወደ እኔ ዞሮ «በዘር የመሄድ ነገር አለው፤ አንተም ታይ» ብሎኝ ነበር። እሺ አልኩ። ሥራ በዛብኝ። ዓመት አለፈ።

ያን ዓርብ ባለቤቴ ሥራ ላይ፣ ልጆቹ ውጭ፣ እኔ «መርካቶ»። አባባ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ እኔው በር ላይ ያጋደምኩት የላሜራ ቁራጭ አደናቀፈው። ጎረቤቶች አንስተው ክሊኒክ ወሰዱት። ግንባሩ ሦስት ቦታ ተሰፋ።

እቤት ስገባ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እጄን ብቻ አየችው። የዓሣ ሽታ በሳሙና እንደማይለቅ የምታውቁ ታውቃላችሁ። «የመርካቶ ብረት ዛሬ ጭቃ ጭቃ ይሸታል» አለችና ወጣች።

አባባ ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ምን ያዝክ?» አለኝ።

«አምባዛ... ሁለት» አልኩ።

«ትልልቅ ናቸው?»

«ደህና ናቸው አባባ።»

ዝም አለ። ቆይቶ «ዝዋይ ብቻ አንዴ ቢደግመኝ ደግ ነበር። ግን አንተም ሥራ አለብህ» አለኝ።

ጎበዝ! እኔ በአምስት ቀን ሦስት ጉዞ ያቀድኩ ሰው፣ በሦስቱም ላይ አባቴን አላሰብኩትም ነበር። ያስተማረኝን ሰው ረስቼ ትምህርቱን ብቻ ይዤ እሮጣለሁ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተነሥቼ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት በር ስበይድ አደርኩ።

ጠዋት ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ተቆጣች፤ መቆጣትም ይገባታል። «ዓሣውን አይደለም የጠላሁት። አንተን ስፈልግህ አለማግኘቴን ነው የጠላሁት» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቅዳሜን ሙሉ ሥራ ላይ ዋልኩ። ለሁለት ደንበኞች «ከበዓል በፊት አይደርስም» ብዬ እቅጩን ነገርኳቸው። አንዱ ቀብዱን ወሰደ፣ ሌላኛው እሺ አለ። ከዚያ በፊት እኔ «ይደርሳል» እያልኩ ስንቱን አመላልሻለሁ! ለጓደኞቼም ደውዬ ከባቱውም ከላንጋኖውም እንደቀረሁ ነገርኳቸው።

እሑድ ጳጉሜን 3 ቅዱስ ሩፋኤል ነበር። አባባንና የ11 ዓመት ልጄን ፒካፗ ላይ ጭኜ ወደ ባቱ ወጣን። ባለቤቴ ዳቦና ሻይ በፔርሙዝ ሰጠችን። «ስልክህ ክፍት ይሁን» አለች። ነገሩ ገብቶኛል።

ባቱ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፍጥነት መንገዱ ለሽማግሌ ወገብ ደግ ነው። ሞጆን እንዳለፍን ካፊያ ጀመረ። የሩፋኤልን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ጠበል ነው እያሉ የሚሮጡበት። ልጄ «አቁምልኝ አባዬ!» አለኝ። አቆምኩለት። ዳር ላይ እየዘለለ ሲጠመቅ፣ አባባ መስኮቱን አውርዶ እጁን ወደ ውጭ ዘረጋ። ከዚያ በረጠበ መዳፉ ዓይኖቹን አበሰ። ምንም አልተናገረም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ባቱ ዳርቻው ላይ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ተደርድረው የዓሣ ሆድ ዕቃ ይጠብቃሉ። ሐይቁ ጥልቀቱ ከ9 ሜትር ብዙም አያልፍም። ደሴቶች አሉት። ከእነሱም አንዷ የጥንቱ የማርያም ጽዮን ገዳም ያለባት ቱሉ ጉዶ ናት። አባባ ይህን ሁሉ ለልጄ ይተርክለታል፤ ሳያይ የቱ በየት በኩል እንዳለ በጣቱ ያሳያል። ደረቅና ደልዳላ ቦታ ፈልጌ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። ትሉን ሰክቼ ናይለኑን በጣቱ ላይ ጠቀለልኩለት።

እኔና ልጄ በዘንግ፣ ቡሽ ተመልክተን ነው የምናጠምደው። ቡሹ ሰመጠ አልሰመጠ እያልን ዓይናችን ይፈዛል። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ምንም የለም። ድንገት አባባ ክንዱን ሰበቅ አድርጎ ሳበ። ቆሮሶ! ከመዳፍ የሚበልጥ ቆሮሶ!

ልጄ አፉን ከፍቶ «አያዬ፣ ሳታይ እንዴት አወቅህ?» አለው።

«ዓሣ በጣት ነው እንጂ በዓይን አይያዝም» አለው። «ና፣ ጣትህን እዚህ አድርግ።»

ከዚያ በኋላ እኔ አላጠመድኩም። ሁለቱን ስመለከት ዋልኩ። አራት ዓሣ ያዙ። አንዷን ትንሽ ስለነበረች አባባ ዳብሶ መለሳት። «ይቺ ገና ልጅ ናት» አለ። ዓሣውን ሳርድ ደግሞ ሳቅ አለና «ሐሞቱን አትጣለው፤ የጦቢትን ዓይን ያዳነው የዓሣ ሐሞት ነው አይደል? ዛሬም የሩፋኤል ቀን ነው» አለኝ። ቀልዱን ነበር። እኔ ግን ጉሮሮዬን አንቆ ያዘኝ። መጽሐፉ ላይ ሐሞቱን ይዞ ወደ አባቱ የተመለሰው ልጁ ነው። እኔ ለአባቴ ምን ይዤ ተመለስኩ? ላሜራ በር ላይ!

ላንጋኖ የምንሄድባት ጳጉሜን 4 ሰኞ ነበረች። ጓደኞቼ ሄዱ። እኔ አባባን ይዤ ሐኪም ቤት ሄድኩ። እሱ ለቀጠሮው፣ እኔ ለዓመት ሙሉ ለሸሸሁት ምርመራ። የብየዳ ሠራተኛ ዓይኑ በቀላ ቁጥር «እሳቱ ነው» ብሎ ያልፋል። የእኔ ግፊት ለጊዜው ደህና ነው፤ በየዓመቱ ግን እንድታይ ተነግሮኛል። ሦስተኛው ጉዞዬ ይህ ሆነ።

ድንኳኗስ? ትሉኝ ይሆናል። ጳጉሜን 5 ማታ ግቢያችን ውስጥ ተከልናት። ልጆቹ ችቦ ካበራን በኋላ እዚያ ውስጥ ካላደርን ብለው ግቡ። ሌሊት ዝናብ ጣለና አንደኛው ጥግ ቢያፈስም የወጣ የለም። አባባ በመስኮት ሆኖ «ቦይ ቆፍሩላት እንጂ! ድንኳን ያለ ቦይ!» እያለ ሲያዝ አመሸ። ባለቤቴም ከልቧ ሳቀች። ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

እንግዲህ ሥራ በዝቶባችሁ ለመውጣት የምትመኙ ሁሉ፣ ከጥፋቴ የቀሰምኳትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ለቤታችሁ እውነቱን ተናገሩ። የተፈቀደ ግማሽ ቀን ከተሰረቀ ሁለት ቀን ይበልጣል። ስልካችሁም ክፍት ይሁን። የመንገዱን ሰላም ጠይቃችሁ ውጡ።

ሁለተኛ፣ ጉዞውን በጊዜያችሁ ልክ ቁረጡት። ግማሽ ቀን ካላችሁ አዋሽ፣ ሙሉ ቀን ካላችሁ ባቱ። ድንኳን ለሚያምረው የእኛ ሰፈር ሰው ደግሞ ከላንጋኖ ይልቅ የመናገሻ ሱባ ደን ቅርብ ነው። ጽዱ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ገፈርሳ ከሁሉም ይቀርባል፤ ግን የምንጠጣው ውሃ ነውና እኔ መንጠቆ አልጥልበትም።

ሦስተኛ፣ ጤናችሁን ጠብቁ። ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ቢልሃርዚያ ስላለ እግራችሁን አትንከሩ፤ ጉማሬም አለ። ስምጥ ሸለቆ የምታድሩ አጎበር ያዙ፤ በተለይ በመስከረም ወባው ይበረታል። ትንንሾቹን ዓሦች መልሱ። የአካባቢውን አጥማጆች ሳትጠይቁ አትጣሉ።

አራተኛ፣ በቤታችሁ ግላኮማ ያለበት ወላጅ ወይም ወንድም እህት ካለ ዛሬ ነገ ሳትሉ ታዩ። በሽታው በአብዛኛው ሕመም የለውም፤ እስኪመሽ ድረስ አይናገርም።

የመጨረሻዋ ደግሞ ይቺ ናት። ስትወጡ ከቤታችሁ አንድ ሰው ይዛችሁ ውጡ፤ በተለይ ጊዜው እያለቀበት ያለውን።

አባባ አሁን ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ናይለኑን ግን ከትራሱ ሥር ነው የሚያስቀምጠው። በየሳምንቱ ዓርብ ይጠይቀኛል፣ «በዚህ ሳምንት ሥራ በዛብህ?»

ይበዛል እንጂ! ግን እንሄዳለን።

ዓሣ አጥማጁ ከሳንሱሲ