ከልጆች ጋር ወደ አዲስ አበባ

በጥር ወር እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ይገባል። ከጥምቀት በኋላ የገበሬው እጅ ጥቂት ያርፋል። ተማሪዎችም የግማሽ ዓመቱን ፈተና ይጨርሳሉ፤ ትምህርት ቤትም ለጥቂት ቀን ይዘጋል። ልጆችን ይዞ ከተማ ለማየት የሚመቸው ጊዜ ይህ ነው። በክረምት ትምህርት ቤት ዝግ ቢሆንም ሥራ ይበዛል። ዝናቡም አያስኬድም።

«በግ ሸጦ ሽርሽር ምን ይሉታል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ አስቀድመን አንድ ነገር እንነጋገር። የማዳበሪያ፣ የዘርና የመታከሚያ ገንዘብ ለጉዞ አይነካም። የግድ የሚነካ ከሆነ ጉዞው ለከርሞ ይቆይ። አዲስ አበባ የትም አትሄድም።

ነገር ግን ሌላም ነገር አለ። ልጆቻችን አዲስ አበባን አያውቋትም፤ ወሬዋን ግን ሰምተዋል። ወሬውን ይዞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ደላላ ነው። «እዚያ ሥራ ሞልቷል፤ ደመወዝ አለ፤ ማታ ማታ ትማሪያለሽ» ይላታል አንዷን ልጅ። ልጅቱም ለእናቷ ሳትነግር ትሄዳለች። ደመወዙ በደላላው እጅ ይቀራል፤ ትምህርቱም ወሬ ሆኖ ይቀራል። ከተማዋን ከወላጆቹ ጋር ያየ ልጅ ግን ለደላላ አይመችም። ፎቁን አይቷል። ከፎቁ ሥር ሊስትሮ ሆኖ ጫማ የሚጠርገውን እኩያውንም አይቷል። «የት ሰፈር? በማን ቤት? በስንት?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ በበኩሌ የበጉ ዋጋ ለዚህ ቢወጣ አይቆጨኝም።

ታዲያ ወንዱን ልጅ ይዞ ሴቷን ለቤት ሥራ ማስቀረት አይገባም። ደላላ አብዝቶ የሚፈልገው እሷን ነውና። ከብቱን ጎረቤት ይጠብቅ። የጎረቤት ተራ ሲደርስ ደግሞ እናንተ ትጠብቃላችሁ። ከብቱን የሚይዝ ሰው ከጠፋ፣ አባት ወይም እናት ብቻ ልጆቹን ይዞ ቢሄድም ይበቃል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። አንድ ደብተር ይዘጋጅ። ጸሐፊው ልጁ ይሁን፤ ተቆጣጣሪው ግን ወላጅ ነው። የመንገድ፣ የምግብ፣ የማደሪያና የመግቢያ ወጪ ለየብቻው ይጻፋል። ለክፉ ቀን የሚሆን መጠባበቂያም ይጨመራል። ለምሳሌ ቤተሰቡ አራት ሰው ነው እንበል። የአንድ ሰው የአውቶቡስ ዋጋ 300 ብር ቢሆን፣ ለመሄጃ 1,200 ብር ይሆናል። መመለሻም አለ። ስለዚህ 2,400 ብር ነው። ብዙ ሰው የሚቸገረው የመመለሻውን ሳያስብ ሲቀር ነው። የመመለሻው ገንዘብ ከሌላው ተለይቶ በእናት መቀነት ይታሰር። ቴሌብር ያለው ሰው ደግሞ ብዙ ጥሬ ገንዘብ መያዝ አያስፈልገውም።

እውነተኛውን ዋጋ ለማወቅ መናኸሪያ ሄዳችሁ ታሪፉን አንብቡ። ታሪፍ ማለት በመንግሥት የተወሰነ የጉዞ ዋጋ ነው። ካልተለጠፈም ጠይቁ። ቲኬት ስትቆርጡ የተጻፈውን ቁጥር ከከፈላችሁት ጋር አስተያዩ። ድሮ ይህን የሚያነብልን ሰው እንፈልግ ነበር። መንገዱ ሰላም መሆኑንም እዚያው ጠይቁ። ሾፌሮች ያውቃሉ። «ዛሬ አይሻልም» ካሉ ቤት መዋል ይሻላል።

ሁለት ቀንና አንድ አዳር ይበቃል። ከደብረ ብርሃን አካባቢ የሚነሣ ቤተሰብን እናስብ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከንጋቱ 12 ሰዓት የተሳፈረ ሰው ረፋዱ ላይ ይደርሳል። ልጆች በመስኮት በኩል ይቀመጡ። ጫጫ፣ ሸኖ፣ አለልቱ፣ ሰንዳፋ የሚሉትን ጽሑፎች ተራ በተራ ያንብቡ። ወላጅም ያንብብ። ማን ቀድሞ እንዳነበበ ይታያል!

ማደሪያ ዘመድ ቤት ቢሆን ወጪው ይቀላል። ግን ሳይነግሩ መሄድ ነውር ነው። የከተማ ቤት ጠባብ ነው፤ ኑሮውም ተወዷል። በስልክ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ባዶ እጅ አይኬድም። ጥቂት ቅቤ፣ በርበሬ ወይም የገብስ ቆሎ ለባለቤቶቹ ትልቅ ነገር ነው። ዘመድ የሌለው አልጋ ይይዛል። በመናኸሪያ አጠገብ ያለው አልጋ ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው፤ ሌሊቱን ግን ሁካታ አለው። ለልጅ አይሆንም። ራቅ ብላችሁ ፈልጉ፤ ዋጋውን ጠይቁ፤ የበሩን ቁልፍ ሞክሩ። መታወቂያ አትርሱ።

ስንቅ ያዙ። ዳቦ ቆሎና በሶ አይበላሽም። ውኃም በላስቲክ ጠርሙስ ይያዝ። በቀን አንድ ጊዜ ምግብ ቤት ገብቶ በያይነቱ ወይም ሽሮ መብላት ይቻላል። ከመቀመጣችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁ። ማፈር የለም። ከተሜውም ይጠይቃል። ጋቢም ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ደጋ ናት፤ የጥር ሌሊቷ ይቆነድዳል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ልጅ መጥፋቱ ነው። በትንሽ ወረቀት የወላጅን ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የሚያድሩበትን ሰፈርና ወረዳ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ወረቀት በኪሱ ይደረግለት። ቁጥሩንም በቃሉ ያጥና። ቢጠፋ በቆመበት ይቁም እንጂ ወዲያ ወዲህ አይሩጥ። አስፋልት የሚሻገረው እጅ ለእጅ ተያይዞ በዜብራ ላይ ነው።

ከደብረ ብርሃን በኩል ስትመጡ ወደ ከተማው የምትገቡት በለገጣፎና በላምበረት ነው። በሌላ አቅጣጫ የሚመጣ ሰው አውቶቡስ ተራ፣ አስኮ፣ አየር ጤና ወይም ቃሊቲ ይወርዳል። ከመነሣታችሁ በፊት የት እንደምትወርዱ ጠይቃችሁ ደብተሩ ላይ ጻፉ። ስትወርዱ «ዕቃ ልያዝልህ» የሚል ይከባችኋል። «ይቅርብን» ብላችሁ ዕቃችሁን ራሳችሁ ያዙ።

ከላምበረት ትንሽ ወረድ ሲል መገናኛ ነው። ከዚያ ቀላል ባቡር አለ። ይህ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። አንዱ መስመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ይሄዳል። (አያት የሰፈር ስም ነው፤ የማንም አያት አይደሉም። ልጆች በዚህ ይስቃሉ።) በመገናኛ የሚያልፈው ይህ መስመር ነው። ለልጅ ከዚህ የበለጠ ርካሽ መዝናኛ አላውቅም። ስታዲየም አካባቢ ሲደርስ ባቡሩ ከመሬት ከፍ ብሎ በድልድይ ላይ ይሄዳል። ከላይ ሆኖ ከተማውን ማየት ይቻላል። ግፊያ ስለሚኖር ኪስን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ስታዲየም ውረዱ። መስቀል አደባባይ እዚያው ነው። ከዚያ በእግር ወደ ለገሐር ዝለቁ። ለገሐር የድሮው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ የነበረበት ቦታ ነው። ስሙም የመጣው የባቡር ጣቢያ ማለት ከሆነው የፈረንሳይ ቃል ነው። ለመጀመሪያው ቀን ይህ ይበቃል። መርካቶን ለማየት የሚጓጓ አለ። ልጆች ይዛችሁ አትግቡ እላለሁ። ሰው ይበዛል፤ ኪስ አውላቂም አለ። «ግዙልኝ» የሚለው ለቅሶም ሌላ ወጪ ነው።

በማግሥቱ በጠዋት ወደ ስድስት ኪሎ ተሳፈሩ። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀባው ታክሲ ይወስዳል። የከተማ አውቶቡስ ግን ይረክሳል። «አባባ፣ ወዴት ነው?» ይላል ረዳቱ። «ስድስት ኪሎ። ስንት ነው፣ ልጄ?» በሉት። ለመውረድ ስትፈልጉ «ወራጅ አለ!» ማለት ነው። ዝም ያለ ሰው ሰፈሩን አልፎ ይሄዳል።

ከስድስት ኪሎ ጀምሮ በእግር ወደ አራት ኪሎ መውረድ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ለእኛ ይህ መንገድ አይባልም። ቁልቁለት ስለሆነ ልጆችም አይደክሙም። የምታዩት ሁሉ በዚህ በአንድ መንገድ ላይ ተሰልፏል።

በስድስት ኪሎ አደባባይ መካከል ረጅም ሐውልት ቆሟል። የየካቲት 12 ሰማዕታት መታሰቢያ ነው። በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የጣልያኑን ገዢ ግራዚያኒን በቦምብ አቆሰሉት። በዚያ ቂም ጣልያኖች የአዲስ አበባን ሕዝብ ለሦስት ቀን ፈጁት። ቦምቡ የተጣለው ከአደባባዩ አጠገብ ባለው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ነው። ግቢው ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በግቢው ውስጥ ጣልያን የሠራው ደረጃ አለ። ወደ ሰማይ የሚወጣ ይመስላል፤ የትም ግን አያደርስም። ለኃይሉ ምልክት እንዲሆን ሠርቶት ነበር። ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያውያን ከጫፉ ላይ የአንበሳ ምስል አስቀመጡበት።

ቤተ መንግሥት የነበረው ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ንጉሡ የተኙበት ክፍል ይታያል። ልጆቹን እዚያ ብዙ አታቁሟቸው። ይልቅስ የየብሔረሰቡ የቤትና የእርሻ ዕቃ ወደ ተቀመጠበት ግቡ። ሰው ከልደት እስከ ሞት የሚገለገልበት ዕቃ በተራ ተደርድሯል። የውጭ አገር ሰው ከፍሎ ቆሞ ያየዋል። ለገበሬ ልጅ ግን ይህ የየቀን ዕቃ ነው። በሙዚየም የማያውቀውን ዕቃ ወላጅ ለልጁ፣ ልጁም ጽሑፉን እያነበበ ለወላጁ ማስረዳት ይችላል።

ወደ ታች ሲወረድ አምስት ኪሎ ነው። ብሔራዊ ሙዚየም እዚያ ይገኛል። ልጆች በትምህርት ቤት ስሟን የሰሙት ድንቅነሽ ያለችው እዚህ ነው። አጥንቷ በ1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር በሚባል ቦታ ተገኘ። ዕድሜው 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ለሰው የሚታየው አምሳያው ነው። ዋናው አጥንት በልዩ ክፍል ይጠበቃል። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ልጃችሁን አጠገቧ አቁሙና ለኩ። ሰላም የተባለች የሕፃን ቅሪትም አለች። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመሩት ቡድን በ1993 ዓ.ም. በአፋር፣ ዲኪካ ላይ አገኛት። ስትሞት ሦስት ዓመት ያህል ነበረች። እሷ ከድንቅነሽ ዘመን ትቀድማለች። ስለዚህ የድንቅነሽ ልጅ የሚሏት ተሳስተዋል።

ሙዚየሞቹ የመግቢያ ዋጋ አላቸው። ለኢትዮጵያዊ ከውጭ አገር ሰው ያነሰ ነው። ልጆች የተማሪ መታወቂያ ካላቸው ይያዙ። በዕድሳት ምክንያት የሚዘጋ ቤት ስለሚኖር፣ ከመነሣት በፊት የከተማ ዘመድ ጠይቆ ይንገራችሁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ብዙ ሰፈር ፈርሶ እንደገና ተሠርቷል። የዛሬ አሥር ዓመት አዲስ አበባን ያየ ሰው «ከቀዩ ሱቅ ታጠፉ» ቢላችሁ፣ ሱቁ ላይኖር ይችላል።

አራት ኪሎ ስትደርሱ የድል ሐውልት ታያላችሁ። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ ድል አድርገው የተመለሱት ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ልጁ ይቀንስና አምስት ዓመት መሆኑን ያረጋግጥ።

ከሐውልቱ ብዙ ሳይርቅ አብርሆት የሚባል ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አለ። በ2014 ዓ.ም. ተከፈተ። ገብቶ ለማንበብ ገንዘብ አይከፈልም። በር ላይ ፍተሻ አለ፤ መታወቂያ ይታያል። በውስጡ የሕፃናት መጻሕፍት የሚገኙበት ክፍልም አለ። አንድ ሰዓት እዚህ ተቀመጡ። እግር ያርፋል፤ ድምፅ የለም፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያነባል። ወላጅም መጽሐፍ አንሥቶ ይግለጥ። ቀስ ብሎ ቢያነብ የሚቆጣው የለም።

ጊዜና ገንዘብ ከተረፈ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ መሄድ ነው። የዐድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም. ተመርቋል። መግቢያው ይከፈልበታል። ያልተረፈው ቤተሰብ ጊዮርጊስ አጠገብ በፈረስ ላይ ያሉትን የዐፄ ምኒልክን ሐውልት በነጻ ያያል። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. ቆመ፤ ጣልያን በወረራው ዘመን አወረደው፤ ከነጻነት በኋላ ተመለሰ። ከምኒልክ ሐውልት ፊት የተነሣ ፎቶግራፍ በግድግዳ ላይ ብዙ ዘመን ይኖራል። ግን ከማንሣቱ በፊት ከፎቶ አንሺው ጋር ዋጋ ተስማሙ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ሳያልፍ መናኸሪያ ድረሱ። ሲመሽ መኪና ይጠፋል፤ ከታሪፍ በላይ የሚጠይቅም ይበዛል። ሰንዳፋን ስታልፉ ልጆቹ እንቅልፍ ይዟቸው ይሄዳል። ደብተር የያዘው ልጅ ግን ከመተኛቱ በፊት ሂሳቡን ይዝጋ። መጠባበቂያው ካልተነካ ወላጅ ቆጥሮ ይረከበው፤ ወደ ማዳበሪያው ገንዘብ ይጨመራል።